ሳይገጠም የተሰነጠቀው ቱቦ

አዲስ የጎማ ቱቦ ከመጋዘን ወጥቶ ገና ሳይገጠም ተሰንጥቆ ሲገኝ፣ ጣት የሚቀሰረው መጀመሪያ ሻጩ ላይ ነው። እኛም ጋ የሆነው ይኸው ነው። የጥገና ልጆች "ፎርጂድ ነው የሸጡልን" ብለው ደመደሙ። ግዢ ክፍልም የቅሬታ ደብዳቤ ማርቀቅ ጀመረ።

እኔን ግን የስንጥቁ አቀማመጥ አላሳረፈኝም። ቱቦዎቹ የቆዩት ሚስማር ላይ ተሰቅለው ነው። ባትሪ አብርቼ ጠጋ ብዬ ሳየው፣ ስንጥቁ ያለው በታጠፈበት ቦታ ብቻ ነው። ያውም በውጭ በኩል፣ ጎማው በተለጠጠበት። ጥቃቅን መስመሮቹ ሁሉ ጎን ለጎን ተሰልፈው ልጠጣውን አግድም ይቆርጡታል። በእጥፋቱ የውስጥ በኩል አንድም ጭረት የለም። ከዚያው ካርቶን ወጥተው መደርደሪያ ላይ ቀጥ ብለው የተኙት ደግሞ ምንም አልሆኑም።

እንዲህ የሚሰነጥቀው ኦዞን የሚባለው ጋዝ ነው። ፀሐይ ያደረቀው ጎማ እንደ ደረቀ ጭቃ በየአቅጣጫው ነው የሚሰነጣጠቀው። ኦዞን ግን የተለጠጠውን ቦታ ይመርጣል። የተፈጥሮ ጎማ ሞለኪውል ረጅም ሰንሰለት ነው፤ በላዩ ላይ የካርቦን ድርብ ትስስሮች፣ ማለትም ሁለት የካርቦን አቶሞች በእጥፍ የተያያዙባቸው ቦታዎች አሉት። ኦዞን እነዚህን ይበጥሳል። ጎማው ተለጥጦ ከሆነ የተበጠሱት ጫፎች ይራራቃሉ፣ ከስር ያልተነካ ጎማ ይገለጣል፣ እሱም በተራው ይበጠሳል። ለዚህ ደግሞ ብዙ ኦዞን አያስፈልግም፤ በ100 ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ጥቂት ክፍል ይበቃል።

ምንጩም ሩቅ አልነበረም። ከመደርደሪያው አጠገብ የሞተር መፈተሻ ጠረጴዛ አለ። ካርቦናቸው (ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ብሩሽ) ያለቀ የኤሌክትሪክ ሞተሮች እዚያ ሲነሱ ብልጭታ ይተፋሉ፤ ብልጭታው የአየሩን ኦክስጅን ኦዞን ያደርገዋል። አፍንጫ የሚነካው ያ ስለታም ሽታ እሱ ነው።

ሆኖም ጎማ አምራች ይህን ስለሚያውቅ መከላከያ ይቀላቅላል። ሻጩ ጋ ደውዬ ምን እንደጨመሩበት ጠየቅኳቸው። ሰውየው ተረጋግተው "ወንድሜ፣ እጅና ልብስ የማያቆሽሽ ይሁን ብላችሁ ያዘዛችሁት እናንተው ናችሁ። ስለዚህ ሰም ብቻ ነው ያለው" አሉኝ።

ነገሩ የተገለጠልኝ ያኔ ነው። ሰሙ ቀስ እያለ ከጎማው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣና ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ኦዞኑ ጎማውን እንዳያገኘው ይከልላል። ጎማው ካልተንቀሳቀሰ ጥሩ ይሠራል። ሲታጠፍና ሲዘረጋ ግን ሽፋኑ ይሰበራል። የእኛ መጋዘን ደግሞ ብሶበት ነበር፤ በየጽዳቱ ቀን ያ ነጣ ያለ ሽፋን አቧራ እየመሰለ በጨርቅ ይወለወላል። ቀጥ ብለው የተኙት ቱቦዎችም ተወልውለዋል፤ ግን ስላልተለጠጡ ተረፉ።

ለሚንቀሳቀስ ጎማ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ፒ-ፌኒሊንዲያሚን የሚባሉት ኬሚካሎች። የመኪና ጎማ ውስጥ የሚገባው ሲክስ-ፒፒዲ ከእነሱ አንዱ ነው። ኦዞኑ ድርብ ትስስሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ይቀድሙና ራሳቸው ይጋፈጡታል። ሲያልቁም ከውስጥ ሌላ ይተካል። አብዛኛውን ጊዜ በ100 ክፍል ጎማ ከ1 እስከ 3 ክፍል ይጨመራል። ጎማ ላይ የሚታየው ቡናማነት ከነሱ ነው፤ የነኩትን ነገርም ያቆሽሻሉ። ግዢ ክፍል "አያቆሽሽ" ሲል ያስወጣው ይህንን መከላከያ ነበር። ከዚህ የባሰም ጣጣ አላቸው። በ2020 የወጣ ጥናት፣ ሲክስ-ፒፒዲ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ኩዊኖን የተባለ ውሁድ ኮሆ ሳልሞን የተባለውን ዓሣ እንደሚገድል አሳይቷል። ይህ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የመኪና ጎማ ብናኝ በዝናብ ታጥቦ የሚገባው ወንዝ ነው።

የቅሬታው ደብዳቤ ቀረ። ቱቦው የሚያስተላልፈው ውሃ ስለሆነ በኢፒዲኤም ጎማ እንዲቀየር ሐሳብ አቀረብኩ። የዚህ ጎማ ዋና ሰንሰለት ድርብ ትስስር ስለሌለው ኦዞን የሚበጥሰው ነገር አያገኝም። ለዘይት መስመር ግን አይሆንም፣ ያብጣል። ግዢ ክፍልም ትእዛዙ ላይ ቱቦው የሚንቀሳቀስ መሆን አለመሆኑ እንዲጻፍ ተስማማ። የሞተር መፈተሻው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። ቀጥ ብለው የተረፉት ቱቦዎች ደግሞ መታጠፍም መንቀሳቀስም በሌለበት መስመር ላይ ተገጠሙ።