ሰባት ቤት፦ የሊንከኖችን እርሻ ፍለጋ

ከቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ የወጣነው ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ነው። ባለቤቴ አንድ ፔርሙዝ ቡና ይዛለች። ዋሽንግተን ያለውን የአብርሃም ሊንከንን ሐውልት ለስንቱ እንግዳ አሳይቻለሁ! ገበሬ አባቶቹ የት የት እንዳረሱ ግን ጠይቄም አላውቅም ነበር። አሁን ከእርሻ ወደ እርሻ ልንከተላቸው ነው።

በ81 መንገድ ወደ ደቡብ ሲነዳ፣ ሀሪሰንበርግ ከመድረስ በፊት ሊንቪል ክሪክ የሚባል ወንዝ አለ። በ1768 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የፕሬዚዳንቱ ቅድመ አያት ጆን ሊንከን ቤተሰቡን ይዞ ከፔንሲልቬንያ መጥቶ እዚህ ሰፈረ። ሸለቆው ለም ነው፤ ግራና ቀኙ የከብት መስክ። የቤተሰቡ መቃብር ኮረብታ ላይ ነው። በ1800 አካባቢ የጆን ልጅ ጃኮብ ያሠራው የጡብ ቤትም ዛሬ ድረስ ቆሟል። እነዚህ የቨርጂንያ ሊንከኖች ባሪያ ያሳድሩ ነበር። ያንን ሳስብ መቃብሩ አጠገብ ዝም ብዬ ቆምኩ።

የጆን የበኩር ልጅ ካፒቴን አብርሃም፣ የፕሬዚዳንቱ አያት ማለት ነው፣ በ1782 ገደማ ይህን ሁሉ ትቶ ወደ ኬንታኪ ተሻገረ። ያ አገር ግን ባዶ አልነበረም። ሾኒዎችና ሌሎች ነባር ሕዝቦች የሚያድኑበትና የሚዋጉለት መሬት ነበር። በ1786 ካፒቴኑ እርሻው ላይ እንዳለ ተገደለ። ትንሹ ልጁ ቶማስ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አባቱ ሲሞት አጠገቡ ነው። መሬቱ በጊዜው ሕግ ለታላቅየው ለሞርዴካይ ሄደ። ቶማስም ሳይማር፣ ከሰው ቤት ሰው ቤት እየሠራ አደገ። የፕሬዚዳንቱ አባት እሱ ነው።

እሑድን ሙሉ ነድተን ኬንታኪ ገባን። ሰኞ ጠዋት ስፕሪንግፊልድ ከተማ ነበርን፣ የዋሽንግተን ካውንቲ ፍርድ ቤት በር ላይ። ህንጻው የ1816 ነው። የመጣሁት ለአንዲት ወረቀት ብዬ ነው። ቶማስና ናንሲ ሃንክስ በሰኔ 1806 ሲጋቡ የተፈረመች የ50 ፓውንድ የጋብቻ ዋስትና ናት፤ ጋብቻውን የሚከለክል ነገር የለም ተብሎ በገንዘብ የሚገባ ዋስትና። ቅጂዋን ስልኬ ላይ ከፍቼ አጎላኋት። ቶማስ በገዛ እጁ ፈርሟል። ሊንከን ስለ አባቱ ሲጽፍ፣ ከራሱ ስም በቀር መጻፍ አይችልም፣ እሱንም በግድ ነው ብሏል። ያቺ በግድ የተጻፈች ስም እቺው ናት።

ሰዉ ሰነዱን ሲፈልግ የኖረው ሃርዲን ካውንቲ ውስጥ ነበር፤ ባልና ሚስቱ የኖሩት እዚያ ነዋ። ስለተጋቡበት ካውንቲ ያሰበ አልነበረም። ስለዚህ ሊንከን ዲቃላ ነው የሚል ሐሜት ሲናፈስ ኖረ። ወረቀቷ የተገኘችው በ1878 ነው፤ እሱ ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ። እንዴት አያንገበግብም?

ሊንከን ራሱ ዘሩን ለመቁጠር ሞክሮ ከአያቱ ብዙም አልዘለለም። በ1859 ስለ ራሱ በጻፈው አጭር ታሪክ፣ በሰሜን ምሥራቅ ካሉት ሊንከኖች ጋር የሚያገናኘው ነገር የስሞች መመሳሰል ብቻ መሆኑን ይናገራል፤ ሞርዴካይ፣ ሰለሞን፣ አብርሃም። ይህ ነገር ልቤን ነካው። እኛ የምንቆጥረው በአባት ስም ነው፤ አንዱ ስም ሌላውን ይጠራል። እነሱ ጋ ሁሉም ሊንከን ስለሆነ ፍንጩ የቀረው በመጠሪያ ስም ላይ ነው። ግምቱ ደግሞ ትክክል ነበር። በኋላ ሰነዱ ሲገጣጠም የመጀመሪያው አባት በ1637 ከእንግሊዝ ማሳቹሴትስ የገባው ሳሙኤል ሆነ። ከዚያ ሞርዴካይ፣ ልጁም ሞርዴካይ፣ ጆን፣ አብርሃም፣ ቶማስ፣ አብርሃም። ባለቤቴ በጣቷ ቆጠረችና «ሰባት ቤት!» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሆጀንቪል ደረስን። ቶማስ በታህሳስ 1808 እዚህ 300 ኤከር በ200 ዶላር ገዛ። ሊንከን በየካቲት 1809 ተወለደ። መሬቱ ግን ባለቤትነቱ ክርክር ያለበት ሆኖ ተገኘና ሁለት ዓመት ትንሽ ሲያልፍ ለቀቁ። የኬንታኪ መሬት የሚለካው እንደ አገራችን ነበር፤ ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ጅረት እየተባለ። የአንዱ ድንበር የሌላውን ይረግጣል። በ1816 ወደ ኢንዲያና የተሻገሩትም፣ ሊንከን እንደጻፈው፣ በከፊል በባርነት ምክንያት፣ በዋናነት ግን በዚሁ የመሬት ጣጣ ነው። ኢንዲያና ውስጥ መሬቱን መንግሥት በካሬ በካሬ ለክቶ ነበር የሚሸጠው።

የዚህ እርሻ ድንበር ምልክት አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ነበር። በ1976 ደረቀ። አሁን 56 ደረጃ ያለው የግራናይትና የእብነ በረድ መታሰቢያ ቆሟል፤ ደረጃው በዕድሜው ልክ ነው። እኔ የወደድኩት ግን ከሥሩ ያለውን ምንጭ ነው። በጥቂት ደረጃ ወደ ጉድጓዱ ይወረዳል። ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ አረንጓዴ ለብሷል፤ ቅዝቃዜው ፊት ላይ ይመታል። ናንሲ ውሃ የምትቀዳው ከዚህ ነበር። ባለቤቴ ጎንበስ አለች። ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል።