«ፋቂ» ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቆዳ ስፍቅ ነው

ልጅ ሆኜ እኛ ሰፈር «ፋቂ» ስድብ ነበር። የቆዳ ሠራተኞች ልጆች ጨዋታ ላይ ከተጣሉ ያቺ ቃል ትወረወርባቸዋለች። እኔም ወርውሬያለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ስድቡ ግን እኛ ድረስ ዘልቋል።

ቃሉ የመጣው «ፋቀ» ከሚለው ግስ ነው። ግዕዙ «ፈሐቀ» ነው፤ «ሰሐበ» አማርኛ ላይ «ሳበ» እንደሆነው እዚህም መሃል ያለችው ሐ ወደቀች። ጠዋት ጥርሳችንን የምናጸዳበት መፋቂያም ከዚሁ ግስ ነው። ይህን ሳውቅ ሥራውን በእጄ ልየው ብዬ ለፋሲካ ያረድነውን ፍየል ቆዳ ለነጋዴ ሳልሰጥ አስቀረሁት።

ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ሽታው ከባድ ነው፤ ግቢ ከሌላችሁ አትጀምሩት። ከዚያ አራት የባሕር ዛፍ እንጨት በአራት ማዕዘን አስሬ፣ የቆዳውን ዳር ዳር በስቼ በገመድ ወጠርኩት። ብራና የሚያዘጋጁ አንድ የኔታ ሊያዩልኝ መጡና አያያዜን አይተው «ልጄ፣ አትቁረጥ፤ ፋቅ» አሉኝ። ቢላውን ቀና አድርጌ ከላይ ወደ ታች ስገፋው የተጣበቀው ስብ እየተጠቀለለ ወረደ፣ ከሥሩም ነጭ ብቅ አለ። በማግስቱ ገልብጬ ጸጉሩን ፋቅሁ። እሱ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ወገቤ ተቆረጠ።

ትልቁ ስህተት ግን የተሠራው ገና ሲገፈፍ ነው። አራጁ በቢላ ነካ ያደረጋት፣ ምስር የማታክል ቦታ፣ ቆዳው ሲወጠር ተከፍታ የዓይን ቅርጽ ያዘች። የድሮ ብራና መጻሕፍት ላይ ያሉት በክር የተሰፉ ቀዳዳዎች ከየት እንደመጡ ያኔ ገባኝ።

«ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው» ስንል እኮ አባቶችን እያመሰገንን ነው። ግሱ ያው፣ ቆዳው ያው፣ የሚጎብጠው ወገብ ያው! ለመጽሐፍ የፋቀው ይከበራል፣ ለመኝታ ቁርበት የፋቀው ይሰደባል። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ቀዳዳዋን በክር ሰፍቻታለሁ። ለእንቁጣጣሽ ሌላ ፍየል እናርዳለን፤ አራጁን ከፊት ከተሰነጠቀ በኋላ ቢላውን አስቀምጦ ቆዳውን በቡጢ እየገፋ እንዲያላቅቅልኝ ከአሁኑ ነግሬዋለሁ።