ፓራውልት ክሮም ላስነክር ብዬ የገባሁበት ጣጣ

ሰላም ነው? ጠፍቻለሁ አውቃለሁ፣ ያጠፋችኝ ቮልሷ ናት። ባለፈው ክረምት፣ የዚህን አገር ክረምት ማለቴ ነው በረዶውን፣ ከፔንሲልቬንያ ገጠር አንዲት የ1967 ሞዴል ቮልስ በ6500 ዶላር ገዝቼ በተጎታች ጭኜ እዚህ ሜሪላንድ አመጣኋት፣ ከዛ ወዲህ ቅዳሜና እሁዴ በሙሉ ጋራዥ ውስጥ ነው። ባለቤቴም ለሰው ስታስተዋውቀኝ "ባሌ ነበር፣ አሁን የቮልሷ ነው" ማለት ጀምራለች።

ዛሬ ስለ ክሮም ልጽፍ ነው። ሞተሩን ራሴ አወረድኩ፣ ፍሬኑን ራሴ ቀየርኩ፣ ሽቦውን ዩቲዩብ እያየሁ ዘረጋሁ፣ ኪሴን ጉድ የሠራው ግን አንዳቸውም አይደሉም፣ የሚያብረቀርቀው ነገር ነው።

አዲስ አበባ ላደገ የእኔ እኩያ ቮልስ ምን እንደሆነች ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የአባዬ ሰማያዊ ነበረች። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ፓራውልቷን ሲወለውል እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ፊቴን አይበታለሁ፣ አፍንጫዬ ምጣድ አክሎ፣ ጆሮዬ ወዳልሆነ ቦታ ሸሽቶ፣ ከኋላዬ ሰፈሩ በሙሉ ጎብጦ። ለኔ ቮልስ ማለት ያ ነው። ስለዚህ ይቺኛዋን ገዝቼ ፓራውልቷ ዝጎ ቡናማ ሆኖ ሳየው ቀለሙ ይቆያል እሱ ግን እንደ አዲስ ይሆናል ብዬ ወሰንኩ።

በጭንቅላቴ የነበረው 300 ቢበዛ 400 ዶላር ነው፣ አትሳቁ። ፎቶ አንስቼ ከቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ ላለ ክሮም ቤት ላክሁላቸው፣ መልሱ በማግስቱ በቴክስት መጣ። የፊትና የኋላ ፓራውልት እያንዳንዱ 475፣ ፓራውልቱ ላይ ቆመው የሚታዩት አራቱ ቀንዶች እያንዳንዳቸው 110፣ ከላይ ያሉት ቱቦዎች በጠቅላላው 360፣ የሁለቱ የፊት መብራት ቀለበቶች 190፣ ሁለቱ የበር እጀታዎች ደግሞ 320። ደምሩት፣ 2260 ዶላር። የመኪናዋን ዋጋ ሲሶ ማለት እኮ ነው። ከታች ደግሞ "ዕቃው ሲፈታና ሲታጠብ ዋጋው ሊጨምር ይችላል" የምትል ነገር አለች።

አዲስ አበባ ለአባዬ መካኒክ ደወልኩ፣ ጋሼ እያልኩ ያደግኩባቸው ሰውዬ ናቸው፣ አሁንም ቮልስ ይነዳሉ።

"ስንት አልከኝ?"

"ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ፣ ጋሼ።"

"በብር ነው?"

"በዶላር።"

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል "አለሁ፣ አለሁ፣ እያሰብኩልህ ነው" አሉኝ። "የኔዋን እኮ በሲልቨር ቀለም በብሩሽ ቀብቻት ይኸው ስንት ዓመቷ፣ ከሩቅ ላየ ሰው ክሮም ናት። ሰውዬው ግን ወርቅ ነው እንዴ የሚቀባልህ?"

ወርቅ ነው እንዴ የሚለው ጥያቄ አልወጣ ስላለኝ በሳምንቱ ፓራውልቶቹን ጭኜ ራሴ ሄድኩ። ባለቤቱ ቢሮ ውስጥ ሊያወራኝ ሲሞክር የሚወለውሉበትን ልይ አልኩት፣ ወሰደኝ። አንድ ሳልቫዶራዊ ሰውዬ፣ ስልሳ ሊሞላው ምንም ያልቀረው፣ አፍንጫና አፉን በማስክ ሸፍኖ፣ ክንዱ እስከ ብብቱ ጥቁር በጥቁር ሆኖ፣ የሌላ ሰው ትልቅ ፓራውልት እንደ ሕፃን ታቅፎ በሚሽከረከር የጨርቅ ጎማ ላይ ይገፋል። ዕቃው ከባድ ነው፣ ጎማው ደግሞ ጠርዙን ከያዘው ነጥቆ ይወረውረዋል፣ ሰው ይጎዳል። ሰውዬው እኔን ሲያይ ማሽኑን አጠፋና የኔን ፓራውልት ከመኪና አስወርዶ "ጥፍርህን ጎትትበት" አለኝ። ጎተትኩ። በየሴንቲሜትሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ዝገት የበላው ብጉር ነው። ከዛ እሱ የጨረሰውን አቀበለኝና "አሁን በዚህ" አለኝ። ጥፍሬ እንደ መስታወት ተንሸራተተ። "ይሄ ገና ክሮም አልነካም፣ ብረት ነው" ብሎ ሳቀብኝ።

የሒሳቡ ምስጢር ያኔ ነው የገባኝ። ክሮም እንደ ቀለም አይደለም። ቀለም ላይ ባትላሜራው ጥሩ ካልሠራው ስቱኮ ይሞላል፣ ካርታቬትራ ይመታል፣ ማንም አያውቅም። ክሮም ግን ምንም አይደብቅም፣ እንዲያውም አንዲት ጭረት ካለች አጉልቶ ነው የሚያሳብቅባችሁ። ለዓይን የሚሠራው የክሮም ንብርብር ራሱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ማይክሮን አይበልጥም፣ ማለትም የአንድ ፀጉር ውፍረት መቶኛ እንኳን አይሞላም። ብልጭታውም የክሮሙ አይደለም፣ ከሥሩ ያለው የኒኬሉ ነው፣ ክሮሙ ከላይ ሆኖ ኒኬሉ እንዳይደበዝዝና ቢጫ እንዳይሆን ይጠብቀዋል፣ ያቺን ሰማያዊ የመሰለች ቅዝቃዜም ይሰጠዋል። የከፈላችሁት ብር የሄደው ለሳልቫዶራዊው ክንድ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አሮጌው ክሮም በአሲድ ወይም በኤሌክትሪክ ይገፈፋል፣ ከሥሩ ያለው ኒኬልም እንደዛው። ከዛ የጎበጠው ይቃናል፣ የተበላው በብየዳ ይሞላል፣ ይሞረዳል፣ እየደቀቀ በሚሄድ አሸዋ ይወለወላል። ከዛ በኤሌክትሪክ መዳብ የሚያለብስ የፈሳሽ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። መዳቡ ለስላሳ ስለሆነ የቀሩትን ጥቃቅን ጉድጓዶች ይሞላል፣ ግን እሱም ወጥቶ እንደገና ይወለወላል፣ ካልሞላ ተመልሶ መዳብ ውስጥ ይገባል። ከዛ ኒኬል፣ ደህና ቤት ከሆነ ሁለት ዓይነት። በመጨረሻ ክሮም። ክሮም ገንዳው ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፣ ከዛ በፊት ያለው ግን ለአንድ ፓራውልት ብቻ ሙሉ የሥራ ቀን ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ቤት ጠይቃችሁ አንዱ በግማሽ ዋጋ እሠራለሁ ካላችሁ ክሮም ረክሶለት አይደለም፣ መወልወሉን ሊዘለው ነው።

ይሄን የማውቀው ስለተበላሁ ነው። ከዚህ ጉብኝት በፊት ብልጥ ነኝ ብዬ ሁለቱን ቀንዶች ርካሽ ወደሆነ ሌላ ቤት ልኬ ነበር፣ ስሙን አልናገርም። 45፣ 45 ዶላር። ሲመጡ ያምራሉ፣ ፎቶ አንስቼ ለጋሼም ልኬያለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንዱ ከጠርዙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መነሳት ጀመረ፣ በጥፍሬ ብይዘው ተገፈፈ፣ ከሥሩ መዳብ የሚባል ቀይ ነገር የለም፣ አሮጌው ላይ ነው የደረቡበት። ደወልኩ፣ "ለክሮም ዋስትና አንሰጥም" አሉኝ። እሱንም ገፎ እንደገና ለመሥራት ሳልቫዶራዊው የሚሠራበት ቤት ተጨማሪ ጠየቀኝ፣ ከፈልኩ፣ ምን ላድርግ።

ከጉልበቱ ሌላ ዋጋውን የሰቀለው መርዙ ነው። ለጌጥ የሚውለው የቆየው ክሮም ሄክሳቫለንት የሚባለው ነው፣ ከገንዳው የሚነሳው ጭጋግ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። እዚህ አገር የሠራተኛ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ኦሻ እ.ኤ.አ. በ2006 ሠራተኛ ሊተነፍሰው የሚፈቀደውን መጠን ከ52 ወደ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ አወረደው። አሥር እጥፍ ማለት ነው። አየር ማጣሪያው፣ የፍሳሽ ማጣሪያው፣ በአደገኛ ቆሻሻነት ተመዝግቦ የሚወጣው ጭቃ፣ ምርመራው፣ ሁሉም የሚከፈለው ከኔ ፓራውልት ላይ ነው። ብዙ ትናንሽ ቤቶች ዘግተው ሄደዋል። ካሊፎርኒያማ በ2023 ለጌጥ የሚሠራውን ሄክሳቫለንት ከ2027 ጀምሮ ለማስቀረት ደንብ አወጣች። በምትኩ ያለው ትራይቫለንት ነው፣ ጉዳቱ በጣም ያነሰ፣ ግን መልኩ ትንሽ ጠቆር ይላል፣ አንዱን ፓራውልት በአንዱ ሌላውን በሌላው ካስነከራችሁ ጎን ለጎን ሲቆሙ ይታያል። እኔ በዋጋው ባለቅስም በደንቡ አላማርርም፣ ያን ሰውዬ ማሽን ላይ ቆሞ ካየሁ በኋላ በተለይ።

አሁን ወደ እጀታዎቹ። ከፓራውልት አንፃር መዳፍ የምታክል ዕቃ ለምን 160 ትሆናለች ብዬ ተከራክሬ ነበር። ብረት አይደለችማ። የድሮ መኪና እጀታ፣ ምልክት፣ የመብራት ቤት ብዙውን ጊዜ በዚንክ ቀልጦ የፈሰሰ ነው፣ እዚህ ሰዎች ፖት ሜታል ይሉታል። ዚንክ ከውስጥ ነው የሚበላው፣ ላዩ ላይ የምታዩዋት ትንሽ እብጠት ስትከፈት ጉድጓድ ናት። አሲድ ውስጥ ትንሽ ከቆየ ራሱ ዕቃው ይሟሟል። ስለዚህ እያንዳንዷን ብጉር በጥርስ ሐኪም ዓይነት መሣሪያ ቆፍረው፣ መዳብ ሞልተው፣ ሞርደው፣ እንደገና መዳብ ሞልተው ነው። የ1967 ሞዴል ቮልስ ደግሞ ጣጣዋ በዛ ዓመት ብቻ የመጡ ዕቃዎች ያሏት መሆኗ ነው፣ ከሌላ ዓመት አምጥቼ ልግጠም ብትሉ አንዳንዱ እምቢ ይላል።

አዲስ ፓራውልት ለምን አትገዛም የሚለኝ አለ። ይሸጣል፣ ሙሉው አስመስሎ የተሠራው እኔ ከተጠየቅኩት በጣም ባነሰ ይገኛል፣ ለብዙ ሰው ትክክለኛው መልስ እሱ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን አንድ ወዳጄ የገዛውን በእጄ ይዤዋለሁ፣ ላሜራው ስስ ነው፣ ሲገጠም ቀዳዳዎቹ አልገናኝ ብለው በሞረድ እየሰፉ ነው የገቡት፣ ከሁለት ክረምት ጨው በኋላም ከውስጥ በኩል ዝገት እያለቀሰ ነው። የኔው የጀርመን ብረት ነው፣ ዝጎም ቀጥ ያለ። እንዲህ ያለ ካላችሁ አትጣሉት። በስፕሬይ የሚነፋውን ክሮም መሳይም ሞክሬ አይቻለሁ፣ ለዳሽቦርድ ለውስጥ ዕቃ ደስ ይላል፣ ጠጠር ለሚመታው ለፓራውልት ግን አይሆንም።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ይሄ የገንዘብ ሳይሆን የነፍስ ነው። ጌጥ ይሁን ብዬ የእግሯን ቡሎኖችና አንዳንድ የመሪ ዕቃዎችንም ጨምሬ ወስጄ ነበር። የክሮም ቤቱ ባለቤት ለየብቻቸው አውጥቶ መለሰልኝ። ጠንካራ ብረት አሲድና ገንዳ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጅን ይጠጣል፣ በጊዜ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ካልወጣለት ይሰባበራል፣ ያለ ማስጠንቀቂያ። መሪ ላይ ሲሰበር ደግሞ አስቡት። ብር የሚያስገባለትን ሥራ የመለሰ ሰው ስለሆነ እዛው አመንኩት።

በመጨረሻ ምን አደረግኩ? የጎማ ክዳኖቹን ጨርሶ አልሰጠሁም። ማዕድ ቤት ያለውን የአሉሚኒየም ፎይል ጨምድጄ ውሃ ነክሬ ሻሸኋቸው፣ ላዩ ላይ የነበረው ቡናማ ሁሉ ጥቁር ጭማቂ ሆኖ ወረደ፣ ፊቴ ታየኝ፣ ወጪው ዜሮ። የመብራት ቀለበቶቹን አዲስ ገዛሁ። ፓራውልቶቹን፣ ቀንዶቹንና ቱቦዎቹን ሳልቫዶራዊው ለሚሠራበት ቤት ሰጠሁ፣ ያቺ የተላጠችው ቀንድ ያስከፈለችኝ ተጨምሮ 1810 ዶላር ሆነ። ስሰጥ እያንዳንዷን ዕቃ ፎቶ አንስቼ፣ ቆጥሬ፣ አስፈርሜ ነው፣ እናንተም እንደዛ አድርጉ፣ ትንንሽ ዕቃ ገንዳ ውስጥ ወድቆ ይቀራል። ስድስት ሳምንት ብለውኝ በአሥራ አራተኛው ሳምንት ተደወለልኝ።

መኪናዋ ገና ቀለም አልተቀባችም፣ ስለዚህ ፓራውልቶቹ ምድር ቤት በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ባለፈው እሁድ ለጋሼ በቪዲዮ ደውዬ ጋቢውን ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው። ካሜራውን ጠጋ አድርግ አሉኝ፣ አደረግኩ፣ ፓራውልቱ ውስጥ የራሳቸው ፊት በስልኬ ስክሪን ላይ ሆኖ ተጠፍጥፎ ታያቸው መሰለኝ መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ጥሩ ነው" አሉ። ቆይተው ደግሞ "የበሩ እጀታስ?" አሉኝ።

እጀታዎቹ እዛው በጫማ ካርቶን ውስጥ ናቸው። 320 ዶላር እስኪገኝ በሩን የምከፍተው በመስኮት እጄን አግብቼ ከውስጥ ነው።