ጆሮውን ደፍኖ የሮጠው ሰው

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ ብዙ መንፈሳዊ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። አብዛኞቹ የምክር መጻሕፍት ናቸው። እንዴት እንደምጸልይ፣ ጊዜዬን እንዴት እንደምጠቀም፣ ምን ዓይነት ጓደኛ እንደምይዝ ይነግሩኛል። ልቦለድ ግን ለመንፈሳዊ ሰው ብዙም አይጠቅምም የሚል ሐሳብ በፌሎሺፕ (በዩኒቨርሲቲ የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት) ልጆች ዘንድ አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐሳቤን ያጸናልኝ ጆን ባንየን የሚባል፣ ድስትና ማንቆርቆሪያ እየዞረ በመጠገን ይተዳደር የነበረ እንግሊዛዊ ነው።

መጽሐፉ "ፒልግሪምስ ፕሮግረስ" (የመንገደኛ ጉዞ) የሚባል ምሳሌያዊ ልቦለድ ነው። የመጀመሪያው ክፍል የታተመው እ.ኤ.አ. በ1678 ነው። ወደ አማርኛ ከተተረጎመም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ያነበብኩት እንግሊዝኛውን ነው፣ በስልኬ፣ ማታ ማታ። ቋንቋው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ባንየን በየገጹ ዳር የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ስላስቀመጠ፣ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱሴን አጠገቤ አድርጌ ጥቅሱን እያወጣሁ አነበብኩት። ይሄ በጣም ጠቀመኝ። እንግሊዝኛው ሲጠጥርብኝ ጥቅሱ መንገዱን ያሳየኛል።

ከዚያ በላይ የጠቀመኝ ግን ሌላ ነው። ያነበብኩትን ለዶርም ጓደኛዬ እተርክለት ነበር። እሱ ኦርቶዶክስ ነው፣ እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ። መጽሐፉን አንብቦት አያውቅም፤ ታሪክ ግን ይወዳል። የማይጥመው ነገር ሲመጣም ዝም ብሎ አያሳልፍም።

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። ክርስቲያን የሚባል ሰው ጀርባው ላይ ከባድ ሸክም አለበት። የሚኖርባት ከተማ ልትጠፋ እንደሆነ አንብቧል። ወንጌላዊ የሚባል ሰው ወደ ሰማይ ከተማ የሚያስገባውን መንገድ ሲያሳየው መሮጥ ይጀምራል። ሚስቱና ልጆቹ ተመለስ እያሉ ይጮኻሉ። እሱ ግን ሁለት ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ "ሕይወት! ሕይወት! የዘላለም ሕይወት!" እያለ ይሮጣል።

ጓደኛዬ እዚህ ላይ አስቆመኝ። "ቆይ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ለጥፋት ጥሎ ነው የሚሮጠው? ይሄ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው?"

መልስ ነበረኝ። ሚስትና ልጆች የዓለምን ፍቅር ይወክላሉ፤ ጌታም ሚስቱንና ልጆቹን እንኳ የማይጠላ ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም ብሏል፤ ወዘተ። መልሱ ትክክል ነው፣ ግን ጥያቄውን አልነካውም። ጓደኛዬ የጠየቀው ስለ ምልክት አልነበረም። ደጃፍ ላይ ቆማ ስለምትጣራ ሴት ነበር የጠየቀው። ምሳሌያዊ ታሪክ ስናነብ ፈተና የሚሆንብን ይሄ ይመስለኛል። ይሄ እንትንን ይወክላል፣ ያ እንትንን ይወክላል ብለን ፈትተን እንጨርሰውና ሰዎቹን ሳናያቸው እናልፋለን።

ስለዚህ ወደ ጸሐፊው ሕይወት ሄድኩ። ባንየን እ.ኤ.አ. በ1660 ታሰረ፤ ጥፋቱ ያለ ፈቃድ መስበክ ነበር። ስብከቱን እተዋለሁ ቢል ይፈቱት ነበር። አልልም ብሎ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል በቤድፎርድ እስር ቤት ቆየ። ቤተሰቡን ለመደገፍ እስር ቤት ሆኖ የጫማ ማሰሪያ ይሠራ ነበር። ኤልሳቤጥ የምትባለው ሚስቱ ዳኞች ፊት ቀርባ ተከራክራለታለች። ከልጆቹ መካከል ማርያም ዓይነ ስውር ነበረች። በራሱ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ከሚስቱና ከልጆቹ መለየት ሥጋን ከአጥንት እንደ መንጨት ነበር ይላል። በተለይ ስለ ዓይነ ስውሯ ልጁ የጻፈውን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ቆየሁ።

ጆሮውን ደፍኖ የሚሮጠውን ሰው የጻፈው ይሄ ሰው ነው። ጩኸቱ ስለማይሰማው አልደፈነም። ስለሚሰማው ነው የደፈነው። ይህን ለጓደኛዬ ነገርኩት። "እሺ፣ ገባኝ" አለ፤ "እሷስ?"

እሷስ ለሚለው ባንየን ራሱ መልስ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1684 ሁለተኛው ክፍል ወጣ። ባሏ ከሄደ በኋላ ሚስቱ ክርስቲያና አራት ወንዶች ልጆቿን ይዛ በዚያው መንገድ ትነሣለች። ምሕረት የምትባል የጎረቤት ልጅም ትከተላታለች። ብዙ ሰው ሁለተኛው ክፍል እንደ መጀመሪያው አይደለም ይላል። ጦርነቱ ያንሳል፣ ወሬው ይበዛል፣ እውነት ነው። ለእኔ ግን ከመጀመሪያው ይበልጥብኛል። ክርስቲያን አብዛኛውን መንገድ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛ ጋር ነው የተጓዘው። እነ ክርስቲያና ግን ሰብሰብ ብለው ይሄዳሉ። ልጅ አለ፣ ሕመምተኛ አለ፣ በክራንች የሚሄድ አለ። ልበ ሙሉ የሚባል መሪ ከፊት ሆኖ ለደካማው ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል።

እዚያ ውስጥ ፈሪ የሚባል ሰው ታሪክ አለ። ይህ ሰው ተስፋ መቁረጥ የሚባለው አረንቋ ዳር ከአንድ ወር በላይ ተኝቶ ሲያቃስት ከርሟል። የመንገዱ መግቢያ የሆነው ደጅ ጋ ደርሶም ለማንኳኳት ፈርቶ ሌሎችን ያሳልፍ ነበር። በመንገድ ያለው አንበሳ አያስፈራውም፣ የዓለም ከንቱ ነገር የሚሸጥበት የከንቱ ገበያም አያስፈራውም። የሚያስፈራው መጨረሻ ላይ ተቀባይነት አላገኝ ይሆን የሚለው ነገር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሞት የሆነውን ወንዝ ሊሻገር ሲደርስ ውኃው ልበ ሙሉ አይቶት እስከማያውቅ ድረስ ጎድሎ ነበር። እግሩ ብዙም ሳይርስ ተሻገረ። ዳንኩ ወይስ አልዳንኩም እያለ ሌሊቱን የሚጨነቅ ተማሪ በየዶርሙ አለ። እኔም የማውቀው ጭንቀት ነው። ከሰማኋቸው ብዙ ስብከቶች ይልቅ ይህ አንድ ገጽ አሳርፎኛል።

ሁሉም ነገር ግን አሳርፎኛል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ አላዋቂ የሚባል ወጣት ወንዙን ተሻግሮ የሰማይ ከተማ ደጅ ድረስ ይመጣል። የመግቢያ ወረቀት ስለሌለው እጅና እግሩ ታስሮ ይወሰዳል። ከሰማይ ደጅም ወደ ሲኦል መንገድ አለ ይለናል ባንየን። ጓደኛዬ ይሄን ሲሰማ ተናደደ። እኔም ተናደድኩ። ባንየን ይህን የጻፈው በመንገድ ሳሉ በተደጋጋሚ ተነግሮት እምቢ ያለ ሰው አድርጎ እንደሆነ አውቃለሁ። እነ ክርስቲያን ግን ሲያናግሩት ትንሽ ቸኩለውበታል ብዬ አምናለሁ። ልበ ሙሉን የመሰለ መሪ ቢያገኝ ኖሮ እላለሁ። ጓደኛዬ በተቃራኒው ጥፋቱ የልጁ ነው ወደማለት ዞሯል። እስካሁን አልተስማማንም።

ማንበብ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልበል። ብቻችሁን አታንብቡት። ከቤተ ክርስቲያናችሁ ውጭ የሆነ፣ የሚጠይቃችሁ ሰው ፈልጉ። መጽሐፉን ስትገዙ ደግሞ ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። አንዳንዱ እትም የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው የያዘው። ክርስቲያና ያለችበትን ግዙ።