የልጄን ቦርሳ የመዘንኩ ዕለት

የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ኮንዶሚኒየማችን አሳንሰር የለውም። አንድ ቀን የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃውን ከኋላዋ ተከትዬ ወጣሁ። በአንድ እጇ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ አንገቷን እንደ ኤሊ አስግጋ ነበር የምትወጣው። እናቴ «ይቺ ልጅ ጎበጠች እኮ፣ ምን እያሸከማችኋት ነው?» ስትለኝ የአያት ስስት ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ያን ማታ ልጅቷን መጀመሪያ ባዶዋን፣ ቀጥሎ ከነቦርሳዋ መዘንኳት። 21 ኪሎ፣ ከዚያ 26.2። ቦርሳው 5.2 ኪሎ፣ የራሷን ክብደት ሩብ ያህል ነው። ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የሚመክሩት ከሰውነት ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ ለእሷ ቢበዛ 3 ኪሎ ገደማ። እኔ 70 ኪሎ ነኝ። በእሷ ስሌት 17 ኪሎ ተኩል ጤፍ አዝዬ በየቀኑ አራት ፎቅ እወጣ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔዬ ገንዘብ አስወጥቶኝ ቀረ። ባለ ጎማ ቦርሳ ገዛሁ። ባዶውን 2 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ኮብልስቶኑ ላይ ይንገጫገጫል፣ ደረጃ ላይ ሲደረስ ደግሞ ያው ሸክም ነው። በሳምንቱ የሽንኩርት መያዣ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነው አሮጌውን ቦርሳ ምንጣፍ ላይ የዘረገፍኩት። ዘጠኝ ደብተር፣ አራት መጽሐፍ፣ ያለፈው ዓመት የሥዕል ደብተር፣ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዝ ኮዳ፣ የብረት ምሳ ዕቃ። ውሃውና ምሳው ብቻቸውን 2 ኪሎ ይጠጋሉ። ሁለቱንም የማሸክማት እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤቱን ሳማ ከርሜ! «ደብተሩን ሁሉ ለምን ትይዣለሽ?» ስላት «ፕሮግራም ሲቀየርስ? ደብተር የረሳ ቆሞ ነው የሚማረው» አለችኝ።

ስለዚህ የክፍሏን መምህርት አነጋገርኩ። ሁለት መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ካለው ቁም ሳጥን እንዲቀመጡ፣ የፕሮግራም ለውጥ ሲኖርም ቀድሞ እንዲነገረን ተስማማን። ኮዳው በግማሽ ሊትር ተተካ፤ ሲያልቅ እዚያው ትሞላለች። የብረቱ ምሳ ዕቃ ቤት ቀረ። ማታ ማታ ፕሮግራሙን እያየን አብረን እናሰናዳለን። ከባዱ መጽሐፍ ጀርባዋን ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ወደ ውጭ ከራቀ ወደ ኋላ ስለሚጎትታት ሚዛኗን ለመጠበቅ ደረቷንና አንገቷን ወደ ፊት ታሰግጋለች። ማንገቻዎቹን የቦርሳው ታች ከወገቧ እንዳይወርድ አሳጠርኳቸው። አስቸጋሪው በሁለቱም ትከሻ እንድታነግት ማድረግ ነው፤ ትልልቆቹ ልጆች በአንድ ትከሻ ስለሚይዙ እሷም እንደነሱ መሆን ያምራታል።

እናቴ ግን አላረፈችም፤ ልጅቷን ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ወሰድናት። ባለሙያው ወደ ፊት አጎንብሳ እንድትቆም አድርጎ የጀርባዋን ግራና ቀኝ አስተያየ፤ እኩል ነው። ስኮሊዮሲስ የሚባለውን የአከርካሪ መጣመም ቦርሳ እንደማያመጣው ነገረን። በኋላ ራሴ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 69 ጥናቶችን የመረመረ ጽሑፍ ቦርሳ ለልጆች የጀርባ ሕመም መንስኤ መሆኑን የሚያሳምን ማስረጃ እንዳላገኘ አየሁ። ፍርሃቴ ከልክ ያለፈ ነበር። ቢሆንም ትከሻዋ ላይ የነበረው ቀይ ሰንበር በዓይኔ ያየሁት ነው፤ አሁን ጠፍቷል።

ቦርሳው ዛሬ 3 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ትንሽ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ሳራግፈው ከሥሩ አምስት ጠጠሮች አገኘሁ። ልጥላቸው ስል «የቅልብልቦሽ ናቸው!» ብላ ጮኸች። መልሼ ከተትኳቸው።