አንድ ፔርሙዝ ፍል ውሃ

እሁድ የዕረፍት ቀኔ ናት። ብዙውን ጊዜ እንቅልፌን ጠግቤ፣ ልብስ አጥቤ፣ አገር ቤት ደውዬ ትመሻለች። ያለፈው እሁድ ግን ፔርሙዜን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ካልደስ ደ ሞንትቡይ ወደምትባል የፍል ውሃ ከተማ ሄድኩ።

የላኩኝ እማማ ናቸው። ባርሴሎና ውስጥ የምንከባከባቸው አረጋዊት ናቸው፤ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። "እማማ" ማለት ምን እንደሆነ ከነገርኳቸው ወዲህ በሌላ ስም ብጠራቸው ደስ አይላቸውም። ተወልደው ያደጉት ካልደስ ነው። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተጣመዋል። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ሳሽላቸው "የእኛ አገር ውሃ ቢሆን ይሄኔ ይፍታታ ነበር" ይላሉ። ቅዳሜ ማታ ነገ ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። ምንም አልኳቸው። "እንግዲያው ሂጂና እይልኝ" አሉ።

ከባርሴሎና ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ። ጥር ነው፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። አደባባዩ ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት እንፋሎቱን ነው። ከግንብ ላይ ብቅ ያለ የአንበሳ ራስ አለ፤ ከአፉ ውሃ ይወርዳል። ውሃው 74 ዲግሪ ነው። የጣቴን ጫፍ አስነክቼ ወዲያው ሳብኩት። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን በፎጣ ጠቅልለው ጀሪካን ይሞላሉ። ለሾርባ ነው አሉኝ፤ ከቧንቧው ውሃ ይልቅ ይጣፍጣል። በከተማዋ የሚሠራ ፓስታ አለ፤ እሱም የሚቦካው በዚሁ ውሃ ነው።

ይህን ውሃ እሳት አንድዶ ያሞቀው ሰው የለም። ዝናብ ሆኖ ወርዶ፣ መሬት ውስጥ በጣም ጠልቆ፣ በምድር ሙቀት ፈልቶ፣ በስንጥቅ በኩል ተመልሶ ይወጣል። ሮማውያን ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት እዚህ መታጠቢያ የሠሩት ለዚህ ነው። እቴጌ ጣይቱስ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን የቆረቆሩት ፍል ውሃውን ወደው አይደል?

የሮማውያኑ መታጠቢያ እዚያው አደባባዩ ላይ ነው። አሁን ደረቅ ነው። ገንዳው፣ ደረጃውና በዙሪያው ያሉት ቅስቶች ይታያሉ። አጠገቡ ያለው ቴርማሊያ የሚባለው ሙዚየም ድሮ ሳንታ ሱዛና የተባለ ሆስፒታል ነበር፤ ድሆች በውሃው የሚታከሙበት። ላይኛው ፎቅ ላይ የማኖሎ ኡጌ ሥራዎች አሉ። የፒካሶ ወዳጅ የነበረ ቀራፂ ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም ሲበረታበት ወደ ካልደስ መጥቶ ኖረ፤ ያረፈውም እዚሁ ነው፣ እንደ ፈረንጆች በ1945። በእጁ የሚያድር ሰው እጁ ሲታመም ምን እንደሚሰማው አሰብኩ። ከዚያ ብዙም አልቆየሁም። እማማ እይልኝ ያሉኝ ሌላ ነገር ነው።

ላ ፖርታሌራ ይባላል። የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ነው። ወደ ውሃው ያዘነበለ የድንጋይ ጠርዝ አለው፤ ልብስ የሚታሸው እሱ ላይ ነው። ድንጋዩ ከመታሸት ብዛት ልሟል፤ መዳፌን ሳሳርፍበት ሳሙና የተቀባ ይመስላል። አንዲት ሴት እጅጌዋን ሰብስባ ትንሽ ምንጣፍ በብሩሽ ትፈትጋለች። ክርኗ ድረስ ቀልቷል፣ ግን በብርድ አይደለም። ሰላም ብያት ሁለቱንም እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። እዚህ እንደ አንበሳው አያቃጥልም። ለሰውነት ልክ የሆነ ሙቀት ነው።

እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ የደብረ ብርሃን ሰው ያውቀዋል። እናቴ ልብስ የምታጥበው በረሳ ወንዝ ወርዳ ነበር። እጇ ይሰነጣጠቅና ማታ ማታ ቫዝሊን እንቀባት ነበር። "ውሃ አሙቀሽ ለምን አታጥቢም?" ብያት አውቃለሁ፣ ልጅ ሆኜ። "ማገዶው ለእንጀራ ነው" አለችኝ። እዚያ ማጠቢያ አጠገብ ቆሜ ይህ ቃሏ መጣብኝና እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ሴትዮዋ ምንም አላለችኝም፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ስለ ካልደስ ሲወራ ሁሉም ሮማውያንን ያነሳል። ክብር ይገባቸዋል። ለእኔ ግን የከተማዋ ትልቁ ነገር ይህ ማጠቢያ ነው። የድሃ ሴት እጅ በብርድ ወራት እንዳይሰነጠቅ፣ ያለ ማገዶ፣ ያለ ክፍያ፣ ሌትና ቀን የሚፈስ ሙቅ ውሃ። እማማ ከእናታቸው ጋር እዚህ ያጥቡ ነበር። ለካ በየጠዋቱ ያ ሁሉ ወሬ ስለ ቁርጥማት መድኃኒት አልነበረም።

ስመለስ አንበሳው ጋ ቆሜ፣ እጄን በሻርፕ ጠቅልዬ ፔርሙዜን ሞላሁ። ካርኪንዮሊም ገዛሁ። ለውዝ ያለው ደረቅ ብስኩት ነው፣ ጥርስ ይፈትናል፤ እማማ ወተት ውስጥ እየነከሩ ይበሉታል።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። ፔርሙዙን ስከፍተው አሁንም ይተናል። ሳፋ ላይ ገልብጬ፣ ቀዝቃዛ ጨምሬበት ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። እጃቸውን ቀስ ብለው ከተው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

"ሰው ነበረ?" አሉኝ።

"አንዲት ሴት ምንጣፍ እያጠበች ነበር።"

"በየት በኩል ቆማ?"

"ሲገቡ በግራ።"

"የእናቴ ቦታ በቀኝ ነበር" አሉ። ውሃው እስኪበርድ ድረስ እጃቸውን አላወጡም።