በእንፋሎቱ መስመር ሥር

ዛሬ በአንድ የወተት ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት ከሚያመነጨው ቦይለር ተነሥቶ ወተቱ እስከሚሞቅበት ክፍል የተዘረጋውን የእንፋሎት ቧንቧ ከጥገና ባለሙያዎቹ ጋር እየተከተልሁ ስመለከት ዋልሁ። ወተቱ የሚያልፈው በቀላሉ በማይዝገውና ለማጠብ በሚመቸው ስቴንለስ ስቲል ሲሆን፣ እንፋሎቱ ግን ግፊቱን በሚችል የካርቦን ብረት ቧንቧ ይጓዛል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ቧንቧ መሐል ላይ እንደ «በ» ፊደል ታጥፎ መውረዱ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማልና 50 ሜትር ቧንቧ ከ20 ወደ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ይህን ጭማሪ የሚቀበለው እጥፋት ባይኖር ብየዳው ሊሰነጠቅ፣ ድጋፉም ሊነቀል ይችላል።

የእንፋሎቱን ፍሰት የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ቫልቭ ግን የሙቀት መከላከያ ሽፋኑ ተነሥቶ ራቁቱን ቆሟል፤ በአጠገቡ ሳልፍ ወላፈኑ ፊቴን ገረፈኝ፤ በነዳጅ የተገኘ ሙቀት እንዲህ በከንቱ ሲባክን ማየት ከልብ አሳዝኖኛል።